ከአሸዋ ላይ መስመር እስከ መድኃኒት ማሸጊያ፤ የባለሁለት አቅጣጫ ባር ኮድ ታሪክና ለሕክምና ሥራ ያለው ትርጉም

መግቢያ

በመድኃኒት ማሸጊያ፣ በላቦራቶሪ ናሙና ዕቃ፣ በክትባት ምስክር ወረቀትና በታካሚ የእጅ አንጓ ማሰሪያ ላይ በጥቁርና በነጭ ነጥቦች የተሞላ ትንሽ አራት ማዕዘን ምልክት ማየት ዛሬ የተለመደ ነው። ከእነዚህ ምልክቶች በስፋት የሚታወቀው «ኪው አር ኮድ» የተባለው ሲሆን፣ በተንቀሳቃሽ ስልክ ካሜራ ስለሚነበብ ከጤና ባለሙያው አልፎ ታካሚው ራሱ የሚገለገልበት ሆኗል። ይሁን እንጂ ምልክቱ እንዴት ተፈጠረ፣ ለምን ዓላማ ታሰበ፣ ሲነበብስ በእርግጥ የሚነግረን ምንድን ነው የሚሉት ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ አይነሡም።

እነዚህ ጥያቄዎች የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ አይደሉም። አንዲት ነርስ የታካሚውን ማሰሪያ በስካነር አንብባ «ትክክል ነው» የሚል መልስ ስታገኝ፣ ወይም አንድ ፋርማሲስት የማሸጊያውን ምልክት አንብቦ መድኃኒቱን ሲያስረክብ፣ የሰው ሕይወት በዚያ ንባብ ላይ ይመሠረታል። ይህ ጽሑፍ የምልክቱን ታሪክ ከመነሻው በመከተል አንድ ነጥብ ለማስረዳት ይሞክራል፤ ይኸውም ምልክትን ማንበብ እውነትን ከማረጋገጥ ጋር አንድ አለመሆኑን፣ ማረጋገጫው የሚገኘውም ከምልክቱ በስተጀርባ ባለው መዝገብና መዝገቡን በሚጠብቀው ባለሙያ እጅ መሆኑን ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት፣ በሌላ መልክ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመስመር ባር ኮድ አመጣጥ

ታሪኩ የሚጀምረው ከሕክምና ሳይሆን ከምግብ ሸቀጥ መደብር ነው። በ1948 በአሜሪካ ፊላዴልፊያ ከተማ በሚገኘው የድሬክስል የቴክኖሎጂ ተቋም ይማር የነበረው በርናርድ ሲልቨር፣ የአንድ የምግብ መደብሮች ኩባንያ ኃላፊ የሸቀጦችን መረጃ በክፍያ ቦታ ላይ በራሱ የሚመዘግብ ዘዴ እንዲፈለግለት አንድን የተቋሙን ዲን ሲለምን ሰማ። ጉዳዩንም ለባልደረባው ለኖርማን ጆሴፍ ዉድላንድ አካፈለው። ዉድላንድ በልጅነቱ በስካውት ማኅበር የተማረውን የሞርስ ፊደል ያስታውስ ነበርና፣ በማያሚ የባሕር ዳርቻ ተቀምጦ ሲያሰላስል ጣቶቹን በአሸዋው ላይ ጎተተ፤ የሞርስ ነጥብና ሰረዝ ወደ ታች ተስበው ቀጭንና ወፍራም መስመሮች ሆኑ። ሁለቱ ባልደረቦች በ1949 የፈጠራ መብት ጠየቁ፤ በ1952ም ተሰጣቸው።

በማመልከቻቸው ውስጥ መስመሮቹን እንደ ቀለበት ክብ አድርገው የማቅረብ ሐሳብም ነበረበት። ምክንያቱም ክብ ምልክት ከየትኛውም አቅጣጫ ቢታይ አንድ ዓይነት ነው። ይህ «ከየትኛውም አቅጣጫ ይነበብ» የሚለው ምኞት ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ በጃፓን እንደገና ተነሥቷል።

ሐሳቡ በሥራ ላይ እስኪውል ድረስ ርካሽ የሌዘር ብርሃንና አነስተኛ ኮምፒዩተር መምጣት ነበረባቸው። በ1973 የአሜሪካ የሸቀጥ ነጋዴዎች የአይ.ቢ.ኤም. መሐንዲስ ጆርጅ ሎረር ያዘጋጀውን ዓለም ዛሬ የሚያውቀውን የመስመር ባር ኮድ ተቀበሉ። ሰኔ 26 ቀን 1974 በኦሃዮ ግዛት ትሮይ በተባለች ከተማ በሚገኝ መደብር አንድ እሽግ ማስቲካ በስካነር ተነብቦ ተሸጠ።

በዚህች ትንሽ ግብይት ውስጥ ለኋላው ታሪክ ሁሉ ቁልፍ የሆነ ነገር አለ። በማስቲካው ምልክት ላይ ዋጋው አልተጻፈም ነበር። የተጻፈው አምራቹንና ምርቱን የሚለይ ቁጥር ብቻ ሲሆን፣ ዋጋው የነበረው በመደብሩ ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። ኮምፒዩተሩ የተሳሳተ ዋጋ ቢይዝ ኖሮ ምልክቱ በትክክል ተነብቦም ገዢው የተሳሳተ ዋጋ ይከፍል ነበር።

ባር ኮድ ወደ ሕክምና ሲገባ

የሕክምናው ዓለም ይህን ዘዴ አስቀድሞ የተቀበለው በደም ባንክ በኩል ነው። ደም ከለጋሽ እስከ ተቀባይ ብዙ እጅ የሚያልፍ፣ በአንዲት የጽሕፈት ስሕተት ሞት ሊያስከትል የሚችል ነገር ስለሆነ፣ በ1970ዎቹ መገባደጃ የአሜሪካ ደም ባንኮች ኮዳባር የተባለውን የመስመር ምልክት መጠቀም ጀመሩ። በ1994 ደግሞ አይ.ኤስ.ቢ.ቲ. 128 የተባለው ዓለም አቀፍ የደም መለያ ደረጃ ተዘጋጀ።

ወደ ተኝቶ ታካሚ አልጋ ያደረሰችው ግን አንዲት ነርስ ናት። በካንሳስ ግዛት ቶፒካ ከተማ በሚገኘው የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ትሠራ የነበረችው ሱ ኪኒክ በ1992 የተከራየችውን መኪና ስትመልስ ሠራተኛው በእጅ ስካነር መረጃውን ወዲያው ሲመዘግብ አየች። ለመኪና የሚደረገው ለታካሚ መድኃኒት የማይደረግበት ምክንያት የለም የሚለው ሐሳቧ በሆስፒታሉ ተሞከረ። ከ1999 ጀምሮም በአገሪቱ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ሁሉ ተስፋፋ። አሠራሩ ነርሶች ሁልጊዜ በአእምሯቸው የሚይዟቸውን አምስቱን ትክክሎች፣ ማለትም ትክክለኛ ታካሚ፣ ትክክለኛ መድኃኒት፣ ትክክለኛ መጠን፣ ትክክለኛ የአሰጣጥ መንገድና ትክክለኛ ሰዓት፣ በኮምፒዩተር ከተመዘገበው ትእዛዝ ጋር የሚያመሳክር ነበር።

በዚያው በ1999 የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት ባወጣው ታዋቂ ሪፖርት በአገሪቱ ሆስፒታሎች በሕክምና ስሕተት ምክንያት በየዓመቱ ከ44,000 እስከ 98,000 ሰዎች እንደሚሞቱ ገመተ። ሪፖርቱ ያስነሣው ክርክር አሠራሩን አፋጠነው። የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም በ2004 ባወጣው ደንብ በሆስፒታል የሚሰጡ መድኃኒቶች ባር ኮድ እንዲኖራቸው አዘዘ። ደንቡ የጠየቀው ግን የመስመር ባር ኮድ ነበር። የመስመር ባር ኮድ በጥቂት ፊደላትና አኃዞች የሚወሰን በመሆኑ ብዙ መረጃ በአንዲት ትንሽ ብልቃጥ ላይ ማስፈር አይመችም። የዚህ ችግር መፍትሔ በሌላ አቅጣጫ፣ ከሕክምና ፈጽሞ በራቀ ቦታ፣ ቀድሞ ተገኝቶ ነበር።

የዴንሶ ፋብሪካና የደከሙ ሠራተኞች

በ1990ዎቹ መጀመሪያ በጃፓን የመኪና ክፍሎች አምራች የሆነው፣ ያኔ ኒፖንዴንሶ ይባል የነበረው የዴንሶ ኩባንያ በየሣጥኑ ላይ በርካታ የመስመር ባር ኮዶች ይለጥፍ ነበር። አንዱ ባር ኮድ የሚይዘው 20 ያህል ፊደላትና አኃዞች ብቻ ስለነበረ ለአንድ ሣጥን እስከ አሥር የሚደርሱ ምልክቶች ያስፈልጉ ነበር። ሠራተኞቹ በቀን እስከ 1,000 ያህል ምልክቶችን እያነበቡ መሥራት እንዳደከማቸው አመለከቱ። ከዚህም ሌላ የፋብሪካ ዘይት የነካው ምልክት አልነበብ ይል ነበር።

በ1992 ሥራውን የተረከበው መሐንዲስ ማሳሂሮ ሃራ ሲሆን፣ ቡድኑም ሁለት ሰዎች ብቻ የነበሩበት ነው። ሃራ በምሳ ዕረፍቱ ይጫወተው የነበረው ጎ የተባለ፣ በጥቁርና በነጭ ጠጠሮች የሚካሄድ የገበታ ጨዋታ፣ መረጃን በአግድምም በቁመትም በካሬዎች ማስፈር እንደሚቻል ሐሳብ ሰጠው። የመስመር ባር ኮድ የሚናገረው በአግድም ብቻ ነው፤ ቁመቱ አንዱን መልእክት ከመድገም በቀር የሚጨምረው ነገር የለም። አዲሱ ምልክት በሁለቱም አቅጣጫ ስለሚናገር በትንሽ ቦታ ብዙ ይይዛል፤ ትልቁ መጠን እስከ 7,089 አኃዞችን መያዝ ይችላል።

የከበደው ጥያቄ ግን ስካነሩ ምልክቱን ከሌላው ጽሑፍና ሥዕል መካከል በፍጥነት እንዴት ያግኘው የሚለው ነበር። ሃራና ባልደረባው የመጽሔት ገጾችን፣ በራሪ ወረቀቶችንና የካርቶን ሣጥኖችን እየሰበሰቡ በኅትመት ላይ የጥቁርና የነጭ ስፋት የሚፈራረቅበትን መጠን መረመሩ። በጣም አልፎ አልፎ የሚገኘው 1፡1፡3፡1፡1 ሆኖ አገኙት። በምልክቱ ሦስት ማዕዘኖች ላይ የምናያቸው ትልልቅ ካሬዎች በዚህ መጠን የተሠሩ ናቸው። በካሬው መሐል የሚያልፍ መስመር ከየትኛውም አቅጣጫ ቢመጣ ያንኑ የመጠን ቅደም ተከተል ያገኛል፤ ካሬዎቹ በሦስት ማዕዘን ብቻ በመሆናቸውም ስካነሩ የምልክቱን አናትና ግርጌ ይለያል።

የዘይቱ ጉዳይ የተፈታው በ1960 ኧርቪንግ ሪድና ጉስታቭ ሶሎሞን የተባሉ የሒሳብ ሊቃውንት ባቀረቡት የስሕተት ማረሚያ ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ ከዋናው መረጃ ጋር ተጨማሪ የማካካሻ መረጃ አብሮ ይጻፋል፤ የምልክቱ ከፊል ቢቆሸሽ ወይም ቢቀደድ ስካነሩ የጎደለውን ከቀረው አስልቶ ይሞላዋል። ኪው አር ኮድ አራት የማረሚያ ደረጃዎች ያሉት ሲሆን፣ ዝቅተኛው 7 በመቶ፣ ከፍተኛው ደግሞ 30 በመቶ ያህል ጉዳትን ይችላል።

እዚህ ላይ አንባቢው ልብ ሊል የሚገባው ልዩነት አለ። ማረሚያው የሚጠግነው የምልክቱን ቁስል ነው። ምልክቱ በተሳሳተ ብልቃጥ ላይ ቢለጠፍ፣ የአንዱ ታካሚ መለያ በሌላው እጅ ላይ ቢታሰር፣ የሒሳብ ሊቃውንቱ ዘዴ የሚያውቀው ነገር የለም። ከተቀደደው ምልክት የተነበበው ቁጥር ፍጹም ትክክል ሆኖ ታካሚው ግን ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።

ምልክቱ በ1994 ይፋ ሆነ። ኩባንያው የፈጠራ መብቱን ቢያስመዘግብም በደረጃው መሠረት ለሚጠቀሙ ሁሉ መብቱን እንደማያስከብርባቸው አስታወቀ። በ2000 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ጸደቀ። በ2002 በጃፓን ኪው አር ኮድ የሚያነብ ካሜራ ያለው ተንቀሳቃሽ ስልክ ለገበያ ሲቀርብ ምልክቱ ከፋብሪካ ወጥቶ ወደ ሕዝብ ኪስ ገባ። ከ2017 ወዲህ አይፎን ስልኮች ተጨማሪ ፕሮግራም ሳይጫንባቸው በካሜራቸው ያነቡታል። በአገራችንም ከቴሌብር ክፍያ እስከ ፋይዳ መታወቂያ በየዕለቱ እናየዋለን።

ከዚሁ ጎን ለጎን ዳታ ማትሪክስ የተባለ ሌላ ባለሁለት አቅጣጫ ምልክት አድጓል። በግራና በግርጌ ባሉት ሁለት ቀጥተኛ ጥቁር ጠርዞች ይለያል። ከኪው አር ኮድ ባነሰ ቦታ ስለሚሰፍር በትንንሽ ብልቃጦችና በቀዶ ሕክምና መሣሪያዎች ላይ ሳይቀር ይታተማል። በመድኃኒት ማሸጊያዎች ላይ በብዛት የምናየው ይህንኑ ነው።

በአልጋው አጠገብ ምን ተገኘ?

ባር ኮድ የታካሚን ደኅንነት ይጠብቃል የሚለው እምነት በጥናት ተፈትኗል። በቦስተን በሚገኘው ብሪገምና የሴቶች ሆስፒታል ተካሂዶ በ2010 የታተመ ጥናት 14,041 የመድኃኒት አሰጣጦችን በቅርብ ተመልክቷል። ከሰዓት ጋር ያልተያያዙ የአሰጣጥ ስሕተቶች ባር ኮድ በሌለባቸው ክፍሎች 11.5 በመቶ ሲሆኑ ባለባቸው 6.8 በመቶ ሆነው ተገኙ። በታካሚው ላይ ጉዳት ሊያደርሱ ይችሉ የነበሩትም ከ3.1 ወደ 1.6 በመቶ ወረዱ። ይህ ትልቅ ውጤት ነው። ሆኖም ስሕተቱ አልጠፋም።

ለምን እንዳልጠፋ የሚያስረዳው በ2008 የታተመ ሌላ ጥናት ነው። በአምስት የአሜሪካ ሆስፒታሎች የተካሄደው ይህ ጥናት ነርሶች አሠራሩን የሚያልፉባቸውን 15 ዓይነት መንገዶችና ለዚህ ያበቋቸውን 31 ምክንያቶች ዘርዝሯል። የታካሚዎች መለያ ትርፍ ቅጂ ታትሞ በዕቃ ክፍል በር ላይ ወይም በነርሷ ቀበቶ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ነርሷ ታካሚው ዘንድ ሳትደርስ «የታካሚውን» ምልክት ታነብ ነበር። ነርሶቹ ለ4.2 በመቶ ታካሚዎችና ለ10.3 በመቶ መድኃኒቶች የኮምፒዩተሩን ማስጠንቀቂያ አልፈው ሄደዋል።

ምክንያቶቹን ስናይ ግን ጥፋቱን በነርሶቹ ላይ ለመጣል እንቸገራለን። የተጨማደደ ወይም በሌላ ወረቀት የተሸፈነ ምልክት፣ ውኃ የነካው ወይም የጠፋ የእጅ ማሰሪያ፣ ያለቀ ባትሪ፣ የሚቆራረጥ ገመድ አልባ መስመር፣ ባር ኮድ የሌለው መድኃኒትና ድንገተኛ ሕመም ከተዘረዘሩት መካከል ናቸው። ኪው አር ኮድን የወለደው የሠራተኞች ድካም ነበር፤ ድካሙ ካልተቃለለ ሠራተኛው መሣሪያውን አልፎ መሄጃ ያበጃል። መብራትና የኮምፒዩተር መስመር በሚቆራረጥበት፣ አንድ ነርስ ብዙ ታካሚ በሚይዝበት ሆስፒታል ይህን አሠራር ለመዘርጋት የሚያስብ ሁሉ ስካነር ከመግዛቱ በፊት ይህን ዝርዝር ቢያነብ ይጠቀማል።

በመድኃኒት ማሸጊያ ላይ

የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 ባወጣው ግምት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከ10 የሕክምና ምርቶች አንዱ ደረጃውን ያልጠበቀ ወይም ሐሰተኛ ነው። ይህን ለመከላከል በርካታ አገሮች በእያንዳንዱ ማሸጊያ ላይ ዳታ ማትሪክስ እንዲኖር ወስነዋል። ጂ.ኤስ.1 የተባለው ዓለም አቀፍ የደረጃ ድርጅት ባዘጋጀው ሥርዓት ምልክቱ አራት መረጃዎችን ይይዛል፤ እነርሱም ባለ14 አኃዝ የምርት መለያ፣ የአገልግሎት ማብቂያ ቀን፣ የባች ቁጥርና የእያንዳንዱ እሽግ ተከታታይ ቁጥር ናቸው። ከምልክቱ አጠገብ በቅንፍ 01፣ 17፣ 10 እና 21 ተብለው የሚታዩት አኃዞች እነዚህኑ በቅደም ተከተል ያመለክታሉ።

ዋናው ኃይል ያለው በተከታታይ ቁጥሩ ነው። ምልክቱን ራሱን አስመስሎ ማተም ለማንኛውም ማተሚያ ቤት ቀላል ሥራ ነው፤ ሐሰተኛው ምልክትም እንደ እውነተኛው ይነበባል። በአውሮፓ ኅብረት ከየካቲት 9 ቀን 2019 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ደንብ ግን ፋርማሲስቱ መድኃኒቱን ሲያስረክብ ቁጥሩን ከመዝገብ ጋር አመሳክሮ ይዘጋዋል። ያው ቁጥር በሌላ ፋርማሲ እንደገና ቢቀርብ መዝገቡ ያስጠነቅቃል። አንድ እውነተኛ ምልክት በሺህ ሐሰተኛ ማሸጊያዎች ላይ ቢታተምም የሚያልፈው አንዱ ብቻ ነው ማለት ነው። መዝገቡ ከሌለ ወይም ፋርማሲስቱ ካልዘጋው ግን ሺሁም ያልፋሉ።

በአፍሪካም ጉዳዩ ትኩረት አግኝቷል። በግንቦት 2010 ዓ.ም. (በ2018) የጂ.ኤስ.1 የአፍሪካ የጤና ጉባኤ በአዲስ አበባ ተካሂዶ የአህጉሪቱ ተቆጣጣሪዎች በመድኃኒት ፍሰት ክትትል ላይ መክረዋል። የኢትዮጵያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም በዚሁ ደረጃ ላይ የተመሠረተ ሥርዓት ለመዘርጋት ከተነሡት ቀዳሚዎች አንዱ ነው። እንዲህ ያለው ሥርዓት ከአስመጪው እስከ ጤና ጣቢያው መድኃኒት ቤት ድረስ ያሉት ሁሉ ካላነበቡና ካልመዘገቡ በቀር ሙሉ አይሆንም።

ታካሚው በስልኩ የሚያነበው ኪው አር ኮድ ከዚህ ተለይቶ መታየት አለበት። በሣጥን ላይ የታተመ ምልክት ወደ አንድ የኢንተርኔት ገጽ የሚመራ ብቻ ከሆነ፣ ገጹ የአምራቹም የአጭበርባሪውም ሊሆን ይችላል። «ስልኬ አነበበው፤ ስለዚህ እውነተኛ ነው» የሚል ታካሚ ሲመጣ ልዩነቱን የሚያስረዳው የጤና ባለሙያው ነው።

የወረርሽኙ ትምህርት

ምልክቱ በዓለም ሕዝብ ዘንድ የጤና ሰነድ ሆኖ የታየው በኮቪድ-19 ዘመን ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 1 ቀን 2021 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2023 የተጠቀመበት የምስክር ወረቀት በኪው አር ኮድ ውስጥ መረጃውንና የሰጪውን መንግሥት የኤሌክትሮኒክ ፊርማ ይይዝ ነበር። ፊርማውን አስመስሎ መሥራት እጅግ አስቸጋሪ ነበር። ነገር ግን በ2022 በጣሊያን አንኮና ከተማ አንድ ነርስ ሰዎችን ሳይከትብ እንደከተበ አድርጎ መዝግቧል በሚል ተጠርጥሮ ተያዘ። እንዲህ ባለው ሁኔታ ምልክቱም ፊርማውም እውነተኛ ናቸው፤ ሐሰቱ ያለው በመዝገቡ ውስጥ ነው።

በቻይና በ2020 የተጀመረው የጤና ኮድ ደግሞ ሌላ ፊት አሳይቷል። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ በመሆን የሰውን መንቀሳቀስ ይወስን የነበረው ይህ ኮድ፣ በ2022 በሄናን ክፍለ ሀገር ከባንክ ገንዘባቸውን ማውጣት ባቃታቸው 1,317 ሰዎች ላይ ያለ ጤና ምክንያት ወደ ቀይ ተቀይሮ ተገኝቷል። ባለሥልጣናቱ ቢቀጡም፣ ለጤና የተሰበሰበ መዝገብ ለሌላ ዓላማ ሲውል የሚከተለውን የእምነት መጥፋት ማከም ቀላል አይደለም። የታካሚን ምሥጢር የመጠበቅ ጥንታዊ ግዴታችን በምልክቶች ዘመን የጠበበ ሳይሆን የሰፋ ነው።

ማጠቃለያ

ከማስቲካው እስከ ክትባት ምስክር ወረቀቱ ድረስ ታሪኩ አንድ ነገር ይደግማል። ምልክቱ መረጃን በፍጥነትና ያለ ስሕተት ያደርሳል፤ ለሚያደርሰው ነገር እውነትነት ግን ዋስ አይሆንም። ዋሱ ትእዛዙን በትክክል የጻፈው ሐኪም፣ ማሰሪያውን ስም ጠይቃ ያሰረችው ነርስ፣ ቁጥሩን አመሳክሮ የዘጋው ፋርማሲስት፣ የከተበውን ብቻ የመዘገበው ባለሙያ ነው።

በመሆኑም ስካነር ባለበት ሁሉ ጥቂት ልማዶችን መጠበቅ ይገባል። ምልክቱ የሚነበበው ከታካሚው እጅ ላይ እንጂ ከቅጂ አይሁን። ስካነሩ ያሳየው የባች ቁጥርና የማብቂያ ቀን በማሸጊያው ላይ በፊደል ከተጻፈው ጋር ይመሳከር። በማሸጊያው ምልክት ላይ ሌላ ወረቀት አይለጠፍ። ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ምክንያቱ ሳይታወቅ አይታለፍ፤ በተደጋጋሚ የሚታለፍ ማስጠንቀቂያ ካለም ለኃላፊው ይነገር እንጂ አይለመድ። የተቋማት ኃላፊዎች ደግሞ ባለሙያው አሠራሩን ለምን እንዳለፈው ከመቅጣታቸው በፊት ይጠይቁ። በጃፓን የሠራተኞቹ አቤቱታ ተሰምቶ ዓለም የሚጠቀምበት ምልክት ተገኝቷል፤ በየዋርዱና በየመድኃኒት ቤቱ ያሉት ባለሙያዎች የሚያቀርቡትም አቤቱታ የታካሚን ሕይወት የሚያተርፍ ማሻሻያ ሊወልድ ይችላል።